የዓባይ ልጅና የቤቱ ጠፈጠፍ



ስለ ውኃ በምንሰብክበት ጊዜ ወደ ዮርዳኖስ፣ ወደ ቃና ዘገሊላ ወይም ወደ ያዕቆብ ጉድጓድ መሄድ ልማዳችን ነው። በዚህ እትም ግን ልናሳስባችሁ የወደድነው ከእነዚያ ሁሉ ይልቅ ቅርብ ስለ ሆነው ውኃ ነው፤ ከጣራችን ስለሚወርደው፣ ከሳፋችን ስለሚደፋው፣ በጓሯችን አልፎ ስለሚሄደው። «ይህ የግብርና ባለሙያ ነገር እንጂ የካህን ነገር ነውን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም። እኛም እስከ አንድ የሚያዝያ ምሽት ድረስ እንደዚሁ ይመስለን ነበር።

ምሽቱን ያሳለፍነው በመርጡለ ማርያም ነው። ከአንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ጋር ሆነን በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የሚገኘውን ጥንታዊ ገዳም ለመሳለም ሄደን ነበር። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ያሳነጹት፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት የጠፋው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመንም የኢየሱስ ማኅበር ካህናት እንደገና ሊያንጹት የደከሙበት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬ ከሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሞ ይታያል። ስለዚያ ዘመን መልካሙንም ክፉውንም የምንዘረዝርበት ቦታ ይህ አይደለም፤ በሃይማኖት ስም የፈሰሰው ደም የሁላችንም ኀዘን ነው። ብቻ የዚያን ዕለት ጥርብ ድንጋዩን እያደነቅን፣ ስለ ታሪኩ እየተከራከርን ዋልንና ሲመሽ የመምህሩ ዘመድ የሆኑ አንዲት ኦርቶዶክሳዊት አሮጊት እናት በከተማው ዳር ካለው ቤታቸው ተቀበሉን።

ራት ከመቅረቡ በፊት ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጃቸው ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። እኛ እጃችንን ዘርግተን፣ ነገር ግን የቀኑን ክርክር ሳንጨርስ፣ ስለ እቴጌ እሌኒ እየተረክን እናሽ ነበር። ልጅቷ ታፈስሳለች፤ እኛ እንናገራለን። ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ አሮጊቷ እናት ዘወር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ልጅ፣ ከእንስራው ግርጌ የቀረውን አንጠፍጥፈሽ አምጪ እንጂ፤ እንግዳ ታጥቦ አልጨረሰም» ሲሉ ሰማናቸው። እርሳቸው እንዳንሰማ ብለው ነበር የተናገሩት። እኛ ግን ሰማን፤ እጃችንንም ሰበሰብን።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የበሩ መቀርቀሪያ ሲከፈት ነቃን። ልጅቷ ቢጫ ጀሪካኗን በገመድ አዝላ ወደ ምንጭ ልትወርድ ነው። በበጋው ጫፍ ምንጩ ይከሳል፤ ወረፋው ይረዝማል፤ ቀድሞ ያልደረሰ የሚቀዳው ጭቃ ነው። ስትመለስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ትምህርት ቤት የሚገባበት ሰዓትም አልፎ ነበር።

ያን ጊዜ ዳዊት ትዝ አለን። በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ (23፥13-17) እንደተጻፈው ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ፣ በመከር ወራት፣ በቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለችው ጉድጓድ ውኃ ተመኘ። ከተማዪቱን ፍልስጥኤማውያን ይዘዋት ነበር። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ገቡ፤ ቀድተውም አመጡለት። እርሱ ግን በጥም እየነደደ ሳለ አልጠጣውም። ያ ውኃ በነፍሳቸው ቈርጠው የሄዱት ሰዎች ደም ሆኖ ታየው፤ ስለዚህ በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰው።

ይህን ታሪክ በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ስንማር ስለ ጀግንነትና ስለ ታማኝነት የተነገረ አድርገን ነበር የያዝነው። በመርጡለ ማርያም ግን ሌላ ነገር አስተማረን። ውኃው ያው የሰፈር ጉድጓድ ውኃ ነበር፤ ዋጋውን የለወጠው የተሸከመው ሰው ነው። ዳዊት በወጭቱ ውስጥ የተሸካሚውን ፊት አየ። እኛ ደግሞ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ምንም ሳናይ ታጠብን። በቤታችን ያሉት «ሦስቱ ኃያላን» እናቶቻችን፣ እኅቶቻችንና ሴቶች ልጆቻችን ናቸው። የሚሰነጥቁት የፍልስጥኤምን ጭፍራ ባይሆንም ጨለማውን፣ ቁልቁለቱንና የጅቡን ድምፅ ነው፤ ሰላም በደፈረሰባቸው በእነዚህ ያለፉት ዓመታት ደግሞ ከጅብ የሚብስ ፍርሃትም ተጨምሮበታል። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጀርባ ምን ያህል እንደሚችል መምህራን የሆናችሁ ታውቃላችሁ።

ደግሞም አንድ ነገር እናስተውል። ዳዊት ውኃውን አልደፋውም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ካህናት በየዕለቱ በእጃችን እንዳስሰዋለን። ከቅዱስ ቁርባን በኋላ ጽዋውና ጻሕሉ የታጠበበት ውኃ አይጣልም፤ ይጠጣል። በላቲን ሥርዓት በሚገለገሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም በዕቃ ቤቱ ውስጥ ልዩ መታጠቢያ አለ፤ ንዋያተ ቅድሳት የታጠቡበት ውኃ ከቆሻሻ ጋር እንዳይቀላቀል በቀጥታ ወደ መሬት እንዲወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ስትጠብቀው የኖረችው ይህ ጥንቃቄ ለመሠዊያው ክብር የተደነገገ መሆኑን አንዘነጋም፤ የወጥ ቤት እጣቢም እንደ ንዋየ ቅድሳት እጥበት ነው ልንል አንደፍርም። ነገር ግን በመሠዊያው ዘንድ ጠብታ እንዳይባክን የሚጠነቀቅ እጅ በግቢው ባልዲ ሙሉ ውኃ በአጥር ላይ ቢደፋ፣ ከመሠዊያው የተማረውን በደጅ ትቶት ወጥቷል ማለት ነው።

ጎሕ ከቀደደ በኋላ ግቢውን ዞረን አየን። ቤቱ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ነው። በጣራው ጠርዝ ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የክረምቱ ጠፈጠፍ የቆፈረው ቦይ አለ፤ ቦዩ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ውጭ ይወጣና ከጎረቤት ቦይ ጋር ተገናኝቶ ከመንገዱ ማዶ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሆኗል። በሚያዝያ ከእንስራው ግርጌ ውኃ የሚንጠፈጠፍበት ቤት በሐምሌ ውኃው ግቢውን እየበላ የሚሄድበት ቤት ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ እንዲህ ባለ ቦይ ውስጥ ተጽፎ ግን አይተነው አናውቅም ነበር።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ጣራው 40 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 5 ሚሊሜትር የሚያህል አንድ መለስተኛ ዝናብ 200 ሊትር፣ ማለት አንድ በርሜል ያወርዳል። በዓመት 1000 ሚሊሜትር ቢዘንብ 40,000 ሊትር ነው። ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛው በትነትና በመፍሰስ ቢባክን እንኳ 32,000 ሊትር ይቀራል፤ በጀሪካን ሲቈጠር 1,600 ጀሪካን ነው። 1,600 ጊዜ ቁልቁለት ወርዶ ዳገት መውጣት ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንዲት ልጅ ቤት ጣራ ላይ ያለ ሸክም በየዓመቱ በቤቱ ደጅ ያልፋል።

በምሥራቅ ጎጃም ስለ ውኃ እጥረት መናገር እንግዳ ነገር ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋንና ሌሎችንም ብዙ ወንዞች አፍልቆ ለዓባይ ይሰጣል። አባ ጴድሮስ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. የግሽ ዓባይን ምንጭ ባዩ ጊዜ የጥንት ነገሥታት ሊያዩት ተመኝተው ያላገኙትን በማየታቸው መደሰታቸውን ጽፈዋል። በዘመናችንም ሕዝባችን ከድህነቱ ላይ ቀንሶ በዚያው ወንዝ ላይ ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ሠርቷል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታነጸ ነው። ይህን ስናስብ የመርጡለ ማርያሙ ቦይ ያሳፍረናል። ታላቁን ወንዝ የገደብን ሕዝብ የቤታችንን ጠፈጠፍ ገና አልገደብንም።

አንዳንድ ደጋግ ምእመናን «ውኃ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ የሰጠ አምላክ ደግሞ ይሰጣል፤ ማጠራቀም እምነት ማጣት አይሆንምን?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ከልብ ስለ ሆነ ከልብ እንመልስ። ጌታችን በምድረ በዳ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ አብዝቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ የተረፈውን እንዲሰበስቡ፣ አንዳችም እንዳይጠፋ አዘዛቸው (ዮሐ 6፥12)። ያዘዘው እንጀራን ከምንም ማብዛት የሚችለው እርሱ ነው! ነገ እንደገና ማብዛት የማይችል ሆኖ አይደለም፤ ስጦታውን የሚንቅ ሰጪውን እንደሚንቅ ሊያስተምረን ነው እንጂ። ዐሥራ ሁለቱም መሶብ የተሞላው ከጥጋብ በኋላ ነው። እኛ ግን መሰብሰብን የምናስበው ከራብ በኋላ፣ ከጥም በኋላ ነው፤ ሐምሌ ላይ ማንም ስለ በርሜል አያነሣም።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በፈረሙት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ማግኘት የሰው ልጅ ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተምረዋል (ቍ. 30)፤ በዚያው መልእክት ውኃን ቈጥቦ መጠቀምን ከዕለታዊ የፍቅር ሥራዎች መካከል ቈጥረውታል (ቍ. 211)። መልእክቱ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ጥር 11 ቀን፣ የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ተመሠረተ። ጥር 11 የጥምቀት በዓል ነው። ቀኑ በአጋጣሚ ይሁን በፈቃድ አንመራመርም፤ በውኃ በዓል የተወለደ ሀገረ ስብከት ስለ ውኃ ግድ ቢለው ግን ማንም አይደነቅም።

ወደ ሥራው እንግባ። ከጣራ ጠርዝ አሸንዳ መግጠም፣ ከሥሩ በርሜል ወይም አቅም ያለው ሮቶ ማስቀመጥ ዋናው ነገር ነው። አሸንዳ ለመግዛት የማይችል አሮጌ ቆርቆሮ አጥፎ ወይም ቀርከሃ ሰንጥቆ ይጠቀም። ከበጋው በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ወደ በርሜሉ አይግባ፤ ለጓሮ ይሂድ። በርሜሉ ይከደን፤ ክዳን ባይኖር ወፍራም ጨርቅ ይታሰርበት፤ አለዚያ የወባ ትንኝ መራቢያ፣ ለሕፃናትም አደጋ ይሆናል። ይህ ውኃ ለልብስ፣ ለከብትና ለአትክልት ነው፤ ለመጠጥ የሚፈልገው ግን ያፍላው፣ ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ መድኃኒት ያክመው።

መክደኑን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በአማራና በትግራይ ክልሎች በየገበሬው ግቢ የውኃ ማቆሪያ ጉድጓድ በዘመቻ ሲቆፈር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ብዙው ጉድጓድ ክዳንም አጥርም አልነበረው፤ የተነጠፈው ፕላስቲክ ተቀደደ፤ ውኃው ሰረገ ወይም በፀሐይ ተነነ፤ ከብትና ሕፃን የገባበት፣ ትንኝ የፈላበትም ነበር። ቆፋሪው በኮታ ታዝዞ እንጂ አምኖበት ስላልቆፈረ ሲቀደድ የጠገነው ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ ቦታ «ውኃ ማጠራቀም» የሚለው ቃል ራሱ ያስቃል። እኛ ግን የወደቀው የጥድፊያው አሠራር እንጂ ነገሩ አይደለም እንላለን። በደብረ ዳሞ ተራራ አናት ላይ መነኮሳት ዐለት ፈልፍለው የዝናብ ውኃ እያጠራቀሙ ከጥንት ጀምሮ ኖረዋል። ማንም ኮታ አልሰጣቸውም፤ ኩሬያቸውን በየዓመቱ ማጽዳት ግን ከሥራቸው አንዱ ነበር።

በርሜል የቤተሰብን ጥም ያስቀራል ብለን አናታልላችሁም። መንግሥት በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ለገጠር ነዋሪ ያቀደው ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር፤ በዚህ ስፍር ለአምስት ሰው በቀን ከስድስት ጀሪካን በላይ ያስፈልጋል። አንድ በርሜል ዐሥር ጀሪካን ነው፤ ሁለት ቀንም አይሞላም። ስለዚህ ከማጠራቀሙ ይልቅ የሚበልጠው ጥበብ የገባውን ውኃ ሁለት ጊዜ ማሠራት ነው።

የዕቃ እጣቢ፣ የእህል መለቅለቂያ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ሁሉ ሥር ይፈልጋል። የጌሾው፣ የቡናው፣ የሎሚው፣ የፓፓያው ሥር ባልዲውን እየጠበቀ ነው። ተራ ሳሙና ያለበት ውኃ ለዛፍ አይጎዳም፤ በረኪና ያለበትን ግን ራቅ አድርጋችሁ ድፉት። ጥሬውን በሚበላ አትክልት ቅጠል ላይም እጣቢ አይፈስስ። ደግሞ አይደር፤ በዕለቱ ይጠጣ፤ ካደረ ይሸታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስተማሩንን የተንጠለጠለ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ከመጸዳጃው አጠገብ ስትሰቅሉ ከሥሩ አንድ የሎሚ ችግኝ ትከሉበት። ቤተሰቡ በታጠበ ቍጥር ሎሚው ይጠጣል።

ጓሮ ሲጠጣ በማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁን፤ በቀትር የፈሰሰ ውኃ ከፊሉ ለፀሐይ ግብር ነው። የአካባቢያችን መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ ውኃ ሥሩን ሳያገኝ ይጠፋል። መፍትሔው አፈሩን ማልበስ ነው። ይህን በተናገርን ቍጥር «አባ፣ ጭዱን ለአፈር ከሰጠነው ከብቱ ምን ይብላ?» ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። የጤፍ ጭድ ለከብት ይሁን። የባቄላ አገዳ፣ ከማበቡ በፊት የታረመ አረም፣ የረገፈ ቅጠል ግን በየግቢው ሞልቷል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ አይሁን። ባሕር ዛፉንም ራሱን ከምንጭና ከጓሮ አርቃችሁ ትከሉ። ለቤትና ለገበያ የሚሰጠውን ጥቅም አንክድም፤ ነገር ግን ከጎመን ጋር በአንድ ገበታ የሚቀመጥ ዛፍ አይደለም፤ ሁሉን ብቻውን ይጠጣል።

ከሁሉ የወደድነውን መላ በመጨረሻ እንንገራችሁ። አንገቱ የተሰበረ ገንቦ ወይም ትንሽ እንስራ እስከ አፉ በመደቡ መካከል ይቀበራል፤ ውኃ ይሞላል፤ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል። በዙሪያው ቃሪያ ወይም ቲማቲም ይተከላል። ደረቅ አፈር ውኃውን በሸክላው ቀዳዳ ቀስ እያለ ይስበዋል፤ አፈሩ ሲረጥብ መሳቡ ይቀንሳል። ተክሉ የሚፈልገውን ያህል ይጠጣል፤ ለፀሐይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በቻይና ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት በተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ይህ ዘዴ ተመዝግቧል። የእኛ ሀገር ሸክላ ግን ሲሟሽ ቀዳዳው ስለሚደፈን አዲስ የምትገዙ ከሆነ ያልተሟሸውን ጠይቁ። ገንቦ ያላገኘ የሃይላንድ ፕላስቲክ ታችውን ቈርጦ፣ ክዳኑን በመርፌ በስቶ፣ በችግኙ አጠገብ ቢዘቀዝቀው ያገለግላል። ሸክላ ሠሪዋን ግን አንርሳ። በአንዳንድ መንደር እስከ ዛሬ «ቡዳ» እየተባለች ከማኅበር የምትገለለውን ይህችን እናት ነው የምንለው። እግዚአብሔር በነቢዩ ኤርምያስ አፍ ራሱን በሸክላ ሠሪ መስሏል (ኤር 18)፤ እርሷን የሚጸየፍ ክርስቲያን በዚያ ምዕራፍ ላይ ጥቂት ይቆይ።

መምህራን ሆይ፤ ሌላ አንድ ነገር በድፍረት እንናገር። ከላይ የጻፍነውን ሁሉ ለሴቶች ብቻ ብታስተምሩት ሸክም ጨመራችሁባቸው እንጂ አልቀነሳችሁላቸውም። ርብቃ ለዐሥር ግመሎች ውኃ ስትቀዳ የአብርሃም አገልጋይ ዝም ብሎ ይመለከታት እንደ ነበር ተጽፏል (ዘፍ 24፥21)፤ በብዙ ቤት ወንዶቻችን እስከ ዛሬ በዚያው አቋም ላይ ናቸው። ጌታችን ግን የመጨረሻውን ፋሲካ ሊበላ ባሰበ ጊዜ ለደቀ መዛሙርቱ ምልክት አድርጎ የሰጣቸው እንስራ ውኃ የተሸከመ ወንድ ነው (ሉቃ 22፥10)። ውኃ መቅዳት የሴቶች ሥራ በነበረበት ሀገር ይህ የማይሳት ምልክት ነበር። ያን ሰው ተከትለው ገቡ፤ ቅዱስ ቁርባን የተመሠረተበትንም አዳራሽ አገኙ። «መርጡል» በግእዝ አዳራሽ ማለት መሆኑን የመርጡለ ማርያም ሰዎች ራሳቸው ይነግሩናል። ስሙ ያልተጠቀሰው ያ ሰው ለወንዶች ልጆቻችን ጥሩ ምሳሌ ይሆናቸዋል፤ በዓመታዊው የልጆች ትምህርት ውስጥ ቢገባ እንወዳለን።

ሥራውም ከቤተ ክርስቲያናችን ጣራ ይጀመር። 200 ካሬ ሜትር የሆነ የቁምስና ጣራ በአንድ የ10 ሚሊሜትር ዝናብ 2,000 ሊትር፣ ማለት መቶ ጀሪካን ያወርዳል። በዘመነ ክረምት፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ በቅዳሴያችን ስለ ዝናማትና ስለ ወንዞች ውኃ እንማልዳለን፤ የለመንነው ውኃ ጸሎቱ ሳያልቅ በጣራችን ወርዶ በደጀ ሰላሙ በኩል ሲሄድ ማየት ለለማኙ አያምርም። አሸንዳው በግንቦት ይጠረግ፤ በርሜሉ በግንቦት ይፈተሽ። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚገጥም ሰው አይገኝም።

በጥቅምት ወደ መርጡለ ማርያም ተመልሰን ነበር። መምህሩ በክረምቱ መግቢያ ሁለት በርሜልና አሮጌ ቆርቆሮ ይዞ ሄዶ ከጎረቤት ወጣቶች ጋር አሸንዳውን ገጥሞት ቆየን። ቦዩ እንደ ነበረ ነው፤ አፉ ግን ወደ ጓሮው ተጠምዝዞ ጎመኑና ጌሾው መካከል ያልቃል። በአጥሩ ሥር አንዲት የተሰበረች ገንቦ እስከ አንገቷ ተቀብራለች። ልጅቷ አሁንም ወደ ምንጭ ትወርዳለች፤ በርሜሎቹ ግን የልብሱንና የከብቱን ውኃ ስለ ተሸከሙላት ከሁለት ጊዜ ወደ አንድ ጊዜ ወርዶላታል፤ እርሱንም ወንድሟ እየተፈራረቃት ነው። ስንት ቀን ከትምህርት እንደ ቀረች ጠየቅናት፤ በዚህ ወር አንድም ቀን አልቀረሁም አለችን። አሮጊቷ እናት ግን በወንድሟ መቅዳት አሁንም እንደሚያፍሩ አልሸሸጉንም።

ራት ሲቀርብ ሳፋውና ማንቆርቆሪያው መጣ። ልጅቷ ውኃውን እንደ ክር አቅጥና አፈሰሰችልን፤ እኛም አፋችንን ዘግተን ቶሎ ታጠብን። አሮጊቷ እናት ሳፋውን ከእጇ ተቀብለው ወደ በሩ ወጡ፤ በጨለማው ውስጥ ሎሚው ከወዴት እንዳለ በእግራቸው ሲፈልጉ ተሰማን።